የትሬቨር ቴበት እንባ

አቶ ትሬቨር ቴበት ከአባታቸው ከአቶ ዊልፍሬድ ቴበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ አይሪስ ጉድማን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1949 በኖርዛምፕተን ከተማ፣ ከጫማ ፋብሪካው ጀርባ ባለው ቀይ ጡብ ቤት ተወለዱ። የተወለዱበት ክፍል መስኮት ወደ ፋብሪካው ግቢ ይከፈት ስለነበር፣ በዚህ ዓለም መጀመሪያ የሰሙት የእናታቸውን ድምፅ ነው ወይስ የቆዳ መቁረጫውን ማሽን የሚለው ጥያቄ በቤታችን ብዙ ዓመት ሲያከራክር ኖሯል። እናታችን «ማሽኑን ነው፤ እኔማ ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘግቶ ነበር» ይሉ ነበር።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው ኢቮን ነኝ። በሕይወት ሳሉ ትሬቭ እያልኩ፣ ሲያናድዱኝ ደግሞ እዚህ ወረቀት ላይ በማይጻፍ ስም እየጠራኋቸው ነው የኖርኩት። ዛሬ የክብራቸው ቀን ስለሆነ እንደ ወጉ እጽፋለሁ። አልፎ አልፎ ከወጉ ባፈነግጥ ጥፋቱ የሳቸው ነው፤ ለወግ የሚመች ሕይወት አልኖሩልኝም።

አባታችን ከጫማ ሥር ሶል የሚገጥሙ፣ እናታችን የጫማ ፊት የሚሰፉ ሠራተኞች ነበሩ። በመንገዳችን ጫማ የማይሠሩት የጸሎት ቤታችን ሰባኪ ብቻ ሲሆኑ፣ የሳቸውም አባት ጫማ ሠሪ ነበሩ። ጠዋት ኔን ከሚባለው ወንዝ የሚነሣው ጉም ከቆዳው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ሰፈሩን ይሞላዋል። ሰዎች ወደ ሥራ ሲሄዱ መልካቸው ሳይታይ ኮቴያቸው ብቻ ይሰማል። ትሬቨር በዚያ ጉም ውስጥ ያደጉ ሕልመኛ ልጅ ነበሩ። ዳቦ ግዛ ተብለው ሲላኩ ዳቦውን ይረሱና ስለ ደመና ብዙ ወሬ ይዘው ይመለሳሉ።

እንባቸውም ቅርብ ነበር። የሞተች ድንቢጥ ባዩ ቁጥር ያለቅሳሉ። በጸሎት ቤት መዝሙሩ ከፍ ሲል ያለቅሳሉ። በበጋ ፋብሪካው ተዘግቶ ያርመዝ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ሰንብተን ስንመለስ፣ ባሕሩን ብቻውን ትተነው መጣን ብለው ባቡሩ ውስጥ ያለቅሳሉ። አባታችን «ይሄ ልጅ ያፈሳል፤ ማስቲሽ እንቀባው ይሆን?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ያን ቀልድ በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሰነዋል።

ትሬቨር በአሥራ አምስት ዓመታቸው ትምህርታቸውን ጨርሰው በዚያው ፋብሪካ በቆዳ ቆራጭነት ተቀጠሩ። የቆራጭ ሥራ ምት አለው። የጫማው ቅርጽ ያለው ስለት ብረት ቆዳው ላይ ይቀመጣል፣ ማሽኑ አንዴ ለቀኝ እግር አንዴ ለግራ እግር ይመታል፣ ከዚያ ሰውየው ቆዳውን እስኪያዞር ዝም ይላል። ዱም፣ ዱም፣ ዝም። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ማሽኖች በሙሉ በአንድ ላይ ዝም የሚሉበት ጊዜ አልፎ አልፎ ይገጥማል። ያን ጊዜ የሰው ሁሉ ትንፋሽ ይሰማል። ትሬቨር በሕይወታቸው ከሰሙት ሙዚቃ ሁሉ የሚያምረው ያ ዝምታ እንደሆነ ነግረውኛል። እኔም ሥራ የጀመርኩት እዚያው በእናታችን አጠገብ ነውና ምን ማለታቸው እንደሆነ ይገባኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1968 አጠገባቸው ከሚቆርጠው ጓደኛቸው ከኪት ሞብስና ከሌሎች ሁለት የሥራ ባልደረቦች ጋር የሙዚቃ ቡድን አቋቋሙ። ኪት ድራም መቺ፣ ትሬቨር ዘፋኝ ሆኑ። በሠራተኞች ክበብ ውስጥ፣ በአንዱ የቶምቦላ ዙርና በሚቀጥለው መካከል ይዘፍናሉ። ሰው የሚያጨበጭበው ለነሱ ይሁን ቶምቦላው ሊጀመር ስለሆነ አይታወቅም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1971 ከማሸጊያ ክፍሏ ሠራተኛ ከወይዘሮ ሄዘር ጊቢንስ ጋር ትዳር መሠረቱ። በዓመቱም ልጃቸው ሎሬይን ተወለደች። ሄዘር ሳምንቱን ሙሉ ጫማ በሳጥን ስታሽግ ትሰነብትና አርብ ማታ ጭፈራ ትሄዳለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን ቤቱ ቢቃጠል አትነሣም። እናቷ በር ሲደበድቡ ትሬቨር ባዶ እግራቸውን ወጥተው በሹክሹክታ «እባክዎን አትቀስቅሷት፣ ቅዳሜ ነው» ይላሉ። እናቷም «የሠርጓ ቀን ያልነቃች ዛሬ ትነቃለች ብዬ ነው?» እያሉ ይመለሳሉ። ዘፈኑ የተወለደው እዚያ ደጃፍ ላይ ነው። «ቅዳሜን አትቀስቅሷት» ብለው ሰየሙት። የጭፈራ ቀሚሷን ሳታወልቅ ስለተኛች፣ ከነቃች ሰኞ ስለሚሆንባት ልጅ የሚያወራ ዘፈን ነው። ከሥሩ ደግሞ የመቁረጫ ማሽኑ አለ፤ ሁለት ምት፣ ከዚያ ዝምታ።

በዚያን ጊዜ ወንዱ ሁሉ የሚያብረቀርቅ ልብስና ረጅም ታኮ ማድረግ ጀምሮ ነበር። የትሬቨርም ቡድን ስሙን ቀይሮ «የብር ታኮ» ተባለ። ጫማውን ራሳቸው ሠሩት፤ የጫማ ሠሪ ልጆች ጫማ ገዝተው ሊያዋርዱን ነው እንዴ! እናታችን የገበር ሳቲን አሰባስበው የብር ቀለም ያለው ልብስ ሰፉላቸው። ሲለኩላቸውም «ከዚህ ጫማ ላይ ወድቀህ እግርህ ቢሰበር እየሮጥክ እንዳትመጣብኝ» አሉ። አባታችን ግን የወንድ ልጃቸውን ልብስ ላለማየት ጋዜጣ ፊታቸው ላይ ዘርግተው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ጋዜጣውን ዝቅ ሳያደርጉ «ታኮው ወደ ኋላ ያጋደለ ነው» አሉ። ከዚያም ጫማውን ይዘው ጓሮ ወደ ነበረው መሥሪያቸው ሄዱ፤ ሲመለሱ ታኮው ቀጥ ብሎ ነበር። ስለዚያ ሙዚቃ በሕይወታቸው ሌላ ቃል ተናግረው አያውቁም።

ማናጀራቸው የለንደን ሰው ነበሩ። ትሬቨር ቴበት የሚባል ኮከብ አይኖርም ብለው ስማቸውን ቬስፐር አደረጉት። እናታችን ሲሰሙ «ደግሞ ይሄ የማን ውሻ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሸክላው እ.ኤ.አ. በ1973 ጸደይ ላይ ወጣ። ምቱን ለመቅዳት አራቱም በዚያ ጫማ የፋብሪካ ሳጥን ክዳን ላይ ቆመው ነው የረገጡት። ያም ሆኖ ዘፈኑ በየሳምንቱ ከሚወጣው የዘፈኖች የደረጃ ሰንጠረዥ ታች ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሊወርድ ሳምንት ሲቀረው ሌላ ቡድን ታሞ በመቅረቱ በምትኩ በቴሌቪዥን እንዲቀርቡ ተጠሩ።

አሁን ወደ እንባው መጣሁ። ከተማችን ጉዳዩን ያውቃል፤ ሌላው ዓለም ግን አያውቅም። ዛሬ ከሩቅ የመጣችሁ እንግዶች ስላላችሁ በግልጽ እጽፈዋለሁ።

በቴሌቪዥን ጣቢያው የሜካፕ ሠራተኛዋ ከትሬቨር ግራ ዓይን በታች የብር ኮከብ ትለጥፋለች። ትሬቨር ደግሞ ሲፈሩ ስለሚያልባቸው ኮከቡ ይወድቃል። ደግማ ትለጥፋለች፣ ደግሞ ይወድቃል። ልጅቱ ተስፋ ቆርጣ ስትሄድ ኪት ከድራሙ ሳጥን ውስጥ ጫማ የሚጠግኑበትን የፋብሪካውን ማስቲሽ አወጣ። «ሶል የያዘ ኮከብ ያቅተዋል?» አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ጠብ አድርጎ ይለጥፈው ነበር፤ ያም ወዲያው በወደቀ፣ ትሬቨርም በተረፉ። እነሱ ግን የጫማ ከተማ ልጆች ናቸው። ማስቲሽ እንዴት እንደሚሠራ ከእናታቸው ጡት ጋር ጠብተውታል። ኮከቡንም ቀቡ፣ ጉንጩንም ቀቡ፣ ሁለቱም እስኪደርቁ በትዕግሥት ጠበቁ፣ ከዚያ አጋጥመው በአውራ ጣት ተጫኑት። እንደዚያ በሥርዓት የተለጠፈ ነገር ዝናብም አያነሣውም።

መብራቱ ሲበራ ማስቲሹ ጋለ። ሽታው ዓይናቸው ውስጥ ገባ፣ ቆዳቸውም ይቃጠል ጀመር። ሁለተኛው ግጥም ላይ ሲደርሱ የግራ ዓይናቸው ሞላ። ሜካፑ እንዳይበላሽ አልጠረጉትም፤ ፊታቸውንም አላዞሩም። እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮልኩለን ነበር። ካሜራው ቀረበ፣ ቀረበ። ዱም፣ ዱም አለ። በዝምታው ውስጥ አንዲት እንባ ኮከቡ ላይ ደርሳ ቆመች፣ አበራች፣ ወረደች። እንደ ሕልም ነበር። ሄዘር ሎሬይንን አቅፋ «ለኔ ነው የሚያለቅሰው» አለች። እናታችን ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አዩና «ልጄን ምን ቀቡብኝ?» አሉ።

አገር ምድሩ አብሯቸው አለቀሰ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ደረጃው ሲነገር «ቅዳሜን አትቀስቅሷት» ቁጥር አንድ ነበር። በፋብሪካው ሬዲዮ ስንሰማ ማሽን ሁሉ ቆመ፣ ሴቶቹ ጠረጴዛ ላይ ወጥተው ረገጡ። አለቃው ሊቆጡ መጥተው እሳቸውም አንድ እግራቸውን ሲያነሡ አይቻቸዋለሁ። የሳምንታት ደስታ ሆነ፤ ዘፈኑ ከአንደኛነት ንቅንቅ አላለም።

ትሬቨር ወደ ቤት ሲመጡ ኮከቡ ጉንጫቸው ላይ ነበር። እናታችን በቅቤና በሞቀ ዘይት ግማሽ ቀን ታገሉት። በመጨረሻ ሲነሣ ቆዳውንም ይዞ ተነሣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትሬቨር ከግራ ዓይናቸው በታች የኮከብ ጠባሳ ነበራቸው። ዛሬ ፊታቸውን የተሰናበታችሁ አይታችሁታል።

ማናጀሩ ስለ ማስቲሹ አንድም ቃል እንዳይወጣ ከለከሉ። ሕዝቡም በየመድረኩ እንባውን ይጠብቅ ጀመር። ማስቲሹን ሁለተኛ መቀባት ስለማይቻል ኪት ከመጋረጃ ጀርባ ሽንኩርት ይልጣል። ትሬቨር ሽንኩርቱን በመሐረብ ይዘው ይወጣሉ፣ በሰዓቱ ያለቅሳሉ። ልጃገረዶች ይጮሃሉ። በዚያን ጊዜ አንድ ቀን ስጠይቃቸው «ኢቪ፣ በፊት እንባዬ ሳልጠራው ይመጣ ነበር። አሁን ደወል ሲመታ የሚገባ ሠራተኛ ሆኗል» አሉኝ። ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ዝናው እንደመጣ ሄደ። የሚቀጥሉት ሸክላዎች ማንም ሳያያቸው አለፉ፣ ታኮ ከፋሽን ወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ቡድኑ ፈረሰ። በዚያው ዓመት ወንድ ልጃቸው ዳሪል ተወለደ፤ ትሬቨርም ወደ መቁረጫ ማሽናቸው ተመለሱ። የመጀመሪያው ቀን ከክፍሉ ጫፍ አንዱ «ቬስፐር! ቆዳው ላይ እንዳታለቅስበት፣ ይሸበሸባል!» ብሎ ጮኸ። ትሬቨር ጎንበስ ብለው እጅ ነሡት። ቀልዱን ችለው ኖሩ፤ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ሥራ ነበርና።

እናታችን በተከታዩ ዓመት ክረምት አረፉ። ቀብሩ የተፈጸመው በዚህችው ጸሎት ቤት ነው። ትሬቨር እንደ ልጅነታቸው፣ መዝሙሩ ከፍ ሲል አለቀሱ። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው፣ ክፋት አስቦ አይመስለኝም፣ «ዛሬስ ማስቲሹን ማን አመጣለት?» ብሎ በሹክሹክታ ተናገረ። አንድ ሁለት ሰው በአፍንጫው ሳቀ። ትሬቨር ሰሙ። መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ወዲያ እንባቸውን ያየ ሰው አልነበረም፤ ያን ዘፈንም ከአፋቸው የሰማ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1980 የካቲት ዳሪል በአራት ዓመቱ በማጅራት ገትር በድንገት ሞተ። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልችልም። ወላጆች የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። መቃብሩ ላይ በረዶ ይወርድ ነበር። ትሬቨር በደረቅ ዓይን፣ እንደ ግንብ ቆሙ። ሄዘር ክንዳቸውን ይዛ «አብረኸኝ አልቅስ» አለቻቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ከመቃብሩ አላነሡም። «ለአገሩ ሁሉ ስታለቅስ የኖርክ ሰውዬ ለልጅህ ትነፍጋለህ?»

«ባለቅስ ማን ያምነኛል?»

«እኔ!» አለች ሄዘር። «እኔ አምንሃለሁ፣ ትሬቭ። እኔ አልበቃህም?»

በቂ ነበረች። እንባው ግን አልመጣም። ፊታቸውን አየሁት፤ ውስጣቸው ያለ ነገር ለመውጣት ሲታገል ጠባሳው ብቻ ቀላ። ሄዘር በዚያው በበረዶው ወራት ሎሬይንን ይዛ ዌሊንግቦሮ ከተማ እህቷ ጋ ሄደች። ጸደይ ላይ ተመለሰች። አብሮ መኖሩ ቀጠለ፣ ሻይ መፍላቱ ቀጠለ፣ እሁድ እሁድ ሥጋው ይጠበሳል፣ መቃብሩን አብረው ይጎበኛሉ። ስለ ልቅሶ ግን ሁለተኛ አላነሣችም። እነዚያ ሁለት ሰዎች ተዋደው፣ ተከባብረው፣ በመካከላቸው ያችን ያልተለቀሰች እንባ አስቀምጠው አርባ ዓመት ኖሩ። አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው።

ዘፈኑ ግን ያለ ባለቤቱ አደገ። በየሠርጉ ይዘፈናል። የባሕር ዳርቻ ጭፈራ ቤቶች መብራት ከማጥፋታቸው በፊት እሱን ያጫውታሉ። የከተማችን እግር ኳስ ቡድን ሲያሸንፍ በሜዳው የእንጨት መቆሚያ ላይ ያለው ተመልካች ሁለት ጊዜ ረግጦ ዝም ይላል፤ ማንም አስተምሮት አይደለም። የኋላ ዘመን ወጣቶች በጊታር ጩኸት ደግመው ቀዱት። የዘፈኑን ድምፅ ከሰማይ የወረደ አድርገው የሚጽፉም ነበሩ፤ እኛ ግን ከየትኛው ክፍል እንደወጣ እናውቃለን። ትሬቨር ሱፐርማርኬት ውስጥ ዘፈኑ ከተነሣባቸው፣ የበረደ አተር ካለበት ማቀዝቀዣ አጠገብ ቆመው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ሲያልቅ አተሩን ያነሣሉ። ለምን እንደሚቆሙ ብጠይቃቸው «ሰው ሲናገር አይታለፍም» አሉኝ።

ብልጭልጩም ከቤታቸው አልወጣም። ያ የብር ልብስ የተሰቀለበት ቤት ነውና ለዓመታት ከምንጣፉ፣ ከድመቷ ጆሮ፣ ከገና ኬኩ ውስጥ ሳይቀር አንዳንድ የብር ነጥብ ይገኝ ነበር። ዳሪል ሲታጠብ ፀጉሩ ውስጥ ይገኝ ነበር። እሱ ከሞተም በኋላ ትራሱ ላይ ተገኘ። ሄዘር ያችን አላራገፈቻትም።

ፋብሪካው ሲዘጋ ትሬቨር በገበያው አጠገብ ትንሽ የጫማ ማደሻ ሱቅ ከፈቱ። አሁን ፋብሪካው ነጭ ግድግዳ ያላቸው አፓርታማዎች ሆኗል። የተወለዱበት መስኮት ግን ፊት ለፊቱ አለ። በሱቃቸው እ.ኤ.አ. እስከ 2014 ሠርተዋል። ሰዎች ጠባሳውን እያዩ «እርስዎ ያ ሰውዬ አይደሉም?» ሲሏቸው «እሱ ረጅም ነበር» ብለው ይመልሱ ነበር። የልጅ ልጆቻቸውን፣ የሎሬይንን ልጆች ኤሊስንና ሮዋንን፣ ጫማ ማሰር ያስተማሩት እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው።

አቶ ትሬቨር እ.ኤ.አ. በ2022 በሳንባ ሕመም ተያዙ። ሐኪሞች የሚችሉትን አደረጉ። ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ ከከተማው ዳር ወዳለው የሕመምተኞች ማረፊያ ገቡ። ሄዘር ከአጠገባቸው አልተለየችም።

ከማረፋቸው ሦስት ቀን በፊት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ውጭው ጉም ሆኖ የመስኮቱ ብርሃን ወተት መስሏል። ሄዘር ወንበሯ ላይ አንገቷን አዘንብላ፣ አፏን ከፈት አድርጋ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። እኔ አበባ ይዤ በሩ ላይ ደርሻለሁ። ሺጂ የምትባል፣ ከሕንድ ኬረላ የመጣች ነርስ ሻይ ይዛ ገባችና ሄዘርን ልትነቀንቃት እጇን ዘረጋች።

ትሬቨር «አትቀስቅሻት» አሉ። «ቅዳሜ ነው።»

ይህን ብለው ሄዘርን አዩዋት። ከዚያ ከግራ ዓይናቸው እንባ ወረደ፣ ጠባሳው ላይ ደርሶ ቆመ። ሺጂ ያን ዘፈን ሰምታ አታውቅም። ኮከብም፣ ሽንኩርትም፣ ቬስፐርም አታውቅም። ሻዩን አስቀምጣ ጎንበስ አለችና «አባባ፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው።

በሃምሳ ዓመት ውስጥ እንባቸውን አይቶ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ትሬቨር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ልጄ» አሉ። «ትንሹ ልጄ ሞቶብኝ ነው።» እናም አለቀሱ። እንደ ልጅነታቸው፣ ባሕሩን ትተን እንደመጣን ቀን፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ።

ሄዘር ነቃች። መጀመሪያ ሕልም መስሏት ዓይኗን አሸች። ከዚያ ተነሥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ፊቷን ጉንጫቸው ላይ አስጠጋችና አሸተተች። «ሽንኩርት የለም» አለች።

«ማስቲሽም የለም» አሉ ትሬቨር።

«አውቃለሁ፣ የኔ ጌታ። አውቃለሁ።» ጠባሳቸውን በአውራ ጣቷ ጠረገችው። እስኪመሽ ድረስ ስለ ዳሪል አብረው አለቀሱ። እኔ አበባዬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ፤ ሺጂ ለኔም ሻይ አመጣችልኝ።

በማግሥቱ ኪት ሞብስ ሊጠይቃቸው መጣ። ትሬቨር «ሳጥኑ ሲወጣ ዘፈኑን አጫውቱልኝ» አሉት። ኪትም ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ሽንኩርት ልያዝ?» አላቸው። «ተወው» አሉ ትሬቨር፤ «አሁን የራሴ አለኝ።» ከዚያም በስተመጨረሻ፣ ድምፅ ባልቀረው ድምፅ፣ የመጀመሪያዋን ስንኝ ለሄዘር ዘፈኑላት።

አቶ ትሬቨር ቴበት እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 2023፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ድሮ የዘፈን ደረጃ ይነገርበት በነበረው ቀን፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሄዘርን፣ ልጃቸውን ሎሬይንን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ኤሊስንና ሮዋንን፣ ወዳጃቸውን ኪትንና እኔን እህታቸውን ትተውን ሄደዋል። የሚቀበሩት ዳሪል አጠገብ ነው።

እንግዲህ ሳጥኑ ሲወጣ ዘፈኑ ይሰማል። ሁላችሁም ቁሙ፣ የቻላችሁ በእግራችሁ ሁለት ጊዜ ምቱ፣ ከዚያ ዝም በሉ። በዚያ ዝምታ ማልቀስ የፈለገ ያልቅስ። ዛሬ በዚህ ቤት ውስጥ ማንም ሰው እንባህ ከየት መጣ አይባልም።

ነፍሳቸውን የፈጠራቸው አምላክ ከልጃቸው ጋር ያሳርፍልን። ሁሉም የሚነሣበት ቀን እስኪደርስ ማንም አይቀስቅሳቸው።